ሰንደቅ ዓላማ በሥራ ቦታ፦ የመቻቻል ወሰን በአዲስ አበባ የግል መሥሪያ ቤቶች፣ ኦሎምፒያን እንደ ማሳያ

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ ሰንደቅ ዓላማና ተዛማጅ ምልክቶች በግል መሥሪያ ቤት ውስጥ ሲታዩ አሠሪው፣ ሠራተኛውና ባልደረቦቹ እስከ የት ድረስ ሊቻቻሉ እንደሚገባ ይመረምራል። ጥናቱ የሰነድ ፍተሻን መሠረት ያደረገ ሲሆን፣ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትን፣ የሰንደቅ ዓላማ አዋጆችን፣ የወንጀል ሕጉንና የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁን ከመቻቻል ጽንሰ ሐሳብ ጋር አገናዝቦ ይተነትናል። የጽሑፉ መከራከሪያ በሥራ ቦታ የመቻቻል ወሰን መሠመር ያለበት በምልክቱ ቀለም ሳይሆን ምልክቱ በማን ስም እንደ ቆመ፣ በማን ላይ እንደ ተነጣጠረና ከጀርባው ምን ዓይነት ሥልጣን እንዳለ በመለየት ነው የሚል ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ ሰንደቅ ዓላማ፣ መቻቻል፣ የሥራ ቦታ፣ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት፣ አዲስ አበባ

1. መግቢያ

ኦሎምፒያ ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ ወደ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በሚዘልቀው የአፍሪካ ጎዳና ላይ ይገኛል። የባንክ ቅርንጫፎች፣ የጉዞ ወኪሎች፣ ክሊኒኮች፣ ካፌዎችና የአማካሪ ድርጅቶች በአንድ ሕንፃ ላይ ተደራርበው የሚሠሩበት ሰፈር ነው። ከልዩ ልዩ ክልል የመጡ፣ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩና ልዩ ልዩ ሃይማኖት የሚከተሉ ሠራተኞች በአንድ አሳንሰር ይወጣሉ፣ በአንድ ጠረጴዛ ምሳቸውን ይበላሉ። በቅርብ ርቀት ላይ ባለው መስቀል አደባባይና በዙሪያው በየዓመቱ መስከረም የደመራ በዓል ይከበራል፤ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሆራ ፊንፊኔ ኢሬቻ ከከተማዋ ዐበይት በዓላት አንዱ ሆኗል። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ያለበት ሻሽም፣ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ያለበት የእጅ አምባርም በበዓሉ ማግስት ከባለቤቱ ጋር ወደ ቢሮ ይገባል።

በአደባባይ የምልክት አለመግባባት ምን ሊያስከትል እንደሚችል በቅርቡ ታሪክ ታይቷል። በ2011 ዓ.ም. መስከረም መጀመሪያ፣ በውጭ ይንቀሳቀሱ የነበሩ የፖለቲካ ድርጅቶች ወደ አገር ሲመለሱ፣ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ በሚሰቀሉ ባንዲራዎችና በሚቀቡ ቀለሞች ምክንያት በወጣቶች መካከል ግጭት ተቀስቅሷል። በ2015 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ በከተማዋ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የኦሮሚያ ክልል ሰንደቅ ዓላማ መሰቀሉና መዝሙሩ መዘመሩ ተቃውሞና ግጭት አስነሥቶ፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን መግለጫ እስከ ማውጣት ደርሷል። በዚያው ዓመት የካቲት 23 ቀን የዓድዋ ድል በዓል ሲከበር፣ በምኒልክ አደባባይ አካባቢ የተሰበሰበው ሕዝብ በአስለቃሽ ጭስ ተበትኗል።

እነዚህ ክስተቶች ብዙ ጊዜ የተጠኑት ከጎዳና፣ ከፖሊስና ከፖለቲካ ድርጅት አንጻር ነው። ሠራተኛው በቀን ስምንት ሰዓት የሚያሳልፍበት የግል መሥሪያ ቤት ግን ያን ያህል ትኩረት አላገኘም። ጎዳና ላይ በምልክት የተጣላ ሰው መንገዱን ለውጦ ሊሄድ ይችላል። በቢሮ ውስጥ የተጣላ ግን ነገም ከዚያው ሰው ጎን ይቀመጣል፤ ከዚህም በላይ የሚጣላው የዕለት እንጀራውን ከያዘለት አለቃ ጋር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጽሑፉ የሚያነሣው ጥያቄ፣ በሥራ ቦታ የሚታይ ሰንደቅ ዓላማ እስከ የት ድረስ ሊቻል ይገባል፣ ወሰኑንስ ማን፣ በምን መለኪያ ያሠምረዋል የሚል ነው።

2. መቻቻል፦ ቃሉና ጽንሰ ሐሳቡ

በአማርኛ «ቻለ» የሚለው ግሥ ሁለት ፍቺ አለው፦ አንድም አቅም አገኘ፣ አንድም ታገሠ፣ ተሸከመ። «መቻቻል» ደግሞ የመደራረግ ቅርጽ ነው። አንዱ ብቻውን ሊቻቻል አይችልም፤ ድርጊቱ ቢያንስ ሁለት ወገን ይፈልጋል። ይህ የቃሉ ባሕርይ ለጥናቱ መነሻ ይሆናል። አንዱ ዘወትር ቻይ፣ ሌላው ዘወትር የሚቻል ሆኖ የተመደበበት መሥሪያ ቤት ትዕግሥት ሊኖረው ይችላል፤ መቻቻል አለው ማለት ግን ያስቸግራል።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ራይነር ፎርስት መቻቻል ሦስት አላባውያን እንዳሉት ያስተምራል። የመጀመሪያው ተቃውሞ ነው፤ ያልተቃወሙትን ነገር ቻልሁት ማለት አይቻልም። ሁለተኛው ተቀባይነት ነው፤ ተቃውሞው ሳይጠፋ ነገሩ እንዲኖር የሚያስገድድ የበለጠ ምክንያት መኖር አለበት። ሦስተኛው እምቢታ ነው፤ ከዚህ በላይ አይቻልም የሚባልበት ወሰን። ፎርስት አክሎም ባለሥልጣኑ ለአናሳው በቸርነት የሚፈቅድበትን መቻቻል እኩዮች በመከባበር ከሚተያዩበት መቻቻል ይለያል። ካርል ፖፐር በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው ሥራ፣ ወሰን የሌለው መቻቻል ራሱን መቻቻልን እንደሚያጠፋ አመልክቷል። የፖፐር ማስጠንቀቂያ ብዙ ጊዜ ያልወደዱትን ሁሉ ለማስወገድ ሰበብ ይደረጋል፤ ማስጠንቀቂያው ግን በክርክር ፈንታ ኃይልን የሚመርጠውን እንጂ ደስ የማያሰኘውን ሁሉ የሚመለከት አይደለም።

3. አንድ ጨርቅ፣ ብዙ ንባብ

በኢትዮጵያ ስለ ሰንደቅ ዓላማ የሚነሣው ክርክር ከሌሎች አገሮች የሚለይበት አንዱ ምክንያት፣ ሦስቱ ቀለሞች ሲቆዩ በመካከላቸው ያለው ምልክት ከመንግሥት ለውጥ ጋር መለዋወጡ ነው። ሦስቱ ቀለሞች በአንድ ሰንደቅ የተዋሐዱት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890 ዓ.ም. እንደሆነ ይታወቃል። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ በኦሜድላ ያውለበለቡት ሰንደቅ የነፃነት መመለስ ምልክት ሆኖ ይታወሳል። ዘውድ የጫነው አንበሳ ከአብዮቱ በኋላ ዘውዱን አጣ፤ በ1980 ዓ.ም. የኢሕዲሪ ዓርማ መጣ፤ በ1988 ዓ.ም. ደግሞ በሰማያዊ ክብ ላይ ያረፈው ባለ ጨረር ኮከብ ተተካ።

ከዚህ የተነሣ ዓርማ የሌለውን ሰንደቅ ዓላማ የያዘ ሠራተኛ የአርበኞች አያቶቹን አደራ የያዘ ሊመስለው ይችላል። ለኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ቀለሞቹ ከኖኅ ቃል ኪዳን ቀስተ ደመና ጋር የተያያዙ ናቸው። ከጎኑ የተቀመጠው ባልደረባው ግን በዚያው ጨርቅ ውስጥ የቋንቋውንና የባህሉን እኩልነት ያልተቀበለ የማእከላዊ መንግሥት ዘመን ሊያይ ይችላል፤ ኮከቡንም የእኩልነቱ ማረጋገጫ አድርጎ ይወስደዋል። በተቃራኒው የክልል ሰንደቅ ዓላማ ለአንዱ የዘገየ ዕውቅና ሲሆን ለሌላው የመለያየት ማስታወቂያ ይመስለዋል። ከእነዚህ ንባቦች አንዱን እውነት፣ ሌላውን ሐሰት ብሎ መፍረድ የቢሮ ኃላፊ ሥራ አይደለም። የኃላፊው ሥራ ሁሉም ንባቦች በቅን ልቦና ሊያዙ እንደሚችሉ ተረድቶ፣ የሥራ ግንኙነቱን ከጉዳት መጠበቅ ነው።

4. የሕግ ማዕቀፉና ክፍተቱ

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 3 ሰንደቅ ዓላማው ከላይ አረንጓዴ፣ ከመካከል ቢጫ፣ ከታች ቀይ ሆኖ በመሐሉ ብሔራዊ ዓርማ እንደሚኖረው ይደነግጋል። ዓርማው ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦችና ሃይማኖቶች በእኩልነትና በአንድነት ለመኖር ያላቸውን ተስፋ እንዲያንጸባርቅ የታሰበ ነው። ይኸው አንቀጽ የፌዴሬሽኑ አባላት የራሳቸው ሰንደቅ ዓላማ እንዲኖራቸው ይፈቅዳል። የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ቁጥር 654/2001 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 863/2006 ዝርዝሩን የያዙ ሲሆን፣ ዓርማ የሌለበትን ሰንደቅ ዓላማ መጠቀም፣ በላዩ ላይ ጽሑፍ ወይም ሌላ ምልክት ማኖር እንዲሁም የተጎዳ ወይም የደበዘዘ ሰንደቅ መስቀል ከተከለከሉት ተግባራት መካከል ናቸው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 244 በበኩሉ የአገርን ወይም የክልልን ሰንደቅ ዓላማ በንቀት ወይም በጥላቻ በአደባባይ መቅደድን፣ ማቃጠልንና ማዋረድን ይቀጣል።

በሌላ ወገን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን በማንኛውም መንገድ የመግለጽ ነፃነትን ያረጋግጣል። ነፃነቱ ሊገደብ የሚችለው በሕግ ብቻ ሲሆን፣ ገደቡም በሐሳቡ ይዘት ወይም ሊያስከትል በሚችለው ውጤት ላይ ሊመሠረት እንደማይገባ ተደንግጓል፤ የወጣቶች ደኅንነት፣ የሰው ክብርና መልካም ስም የገደብ ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ፤ የጦርነት ቅስቀሳና ሰብአዊ ክብርን የሚነካ የአደባባይ መግለጫም ይከለከላሉ። ይሁንና በምዕራፍ ሦስት የተዘረዘሩትን መብቶች የማክበርና የማስከበር ግዴታ በግልጽ የተጣለው በመንግሥት አካላት ላይ ነው። የግል አሠሪን በቀጥታ የሚያገኘው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ አሠሪው የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብር እንዲጠብቅ ያዝዛል፤ በአንቀጽ 14 በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖትና በፖለቲካ አመለካከት ልዩነት ማድረግን ይከለክላል፤ በአንቀጽ 26 እነዚህኑ ምክንያቶች ለሥራ ውል ማቋረጫ በቂ እንዳልሆኑ ይደነግጋል። በአንጻሩ በሥራ ቦታ ጠብ ማንሣትና አምባጓሮ መፍጠር፣ እንደ ክብደቱ ታይቶ፣ ያለማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል።

ክፍተቱ የሚታየው በእነዚህ ሕጎች መካከል ነው። የሰንደቅ ዓላማ አዋጁ ስለ ሰንደቁ እንጂ ስለ ቢሮ ግንኙነት አይናገርም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ስለ ግንኙነቱ እንጂ ስለ ምልክት አይናገርም። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጥለት ያለው ነጠላ፣ በዶቃ የተሠራ አምባር ወይም የቁልፍ መያዣ «ዓርማ የሌለው ሰንደቅ ዓላማ» ነውን? የወንጀል ድንጋጌ በጠባቡ ሊተረጎም ይገባል የሚለው መርሕ ከተያዘ፣ በሰንደቅነት የተዘጋጀና የተሰቀለ ጨርቅ ከቀለም ጌጥ መለየት አለበት። ያም ሆነ ይህ፣ ጥፋተኝነትን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። አሠሪው በግቢው ውስጥ ሕግ እንዳይጣስ ለመጠንቀቅ አንድ ሰንደቅ ከጠረጴዛ እንዲነሣ ሊጠይቅ ይችላል፤ በሠራተኛው ላይ የወንጀል ዳኛ ሆኖ መቀመጥ ግን አይችልም።

5. ትንተና፦ ምልክቱ የማን ድምፅ ነው?

5.1. የተቋሙ ድምፅ። በመግቢያው ምሰሶ ላይ ወይም በእንግዳ መቀበያው ክፍል የቆመ ሰንደቅ ዓላማ የሚናገረው በድርጅቱ ስም ነው። አንድ የግል ድርጅት በሕግ የታወቀውን ሰንደቅ ዓላማ ለመስቀል መምረጡ፣ በየዓመቱ ጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ በሚውለው የሰንደቅ ዓላማ ቀንም ማክበሩ፣ በራሱ ማንንም አይበድልም። ይህን የማይወድ ሠራተኛ ሊችለው የሚገባ ነገር ነው። ነገር ግን የተቋሙ ድምፅ የሠራተኛውን ድምፅ ሊተካ አይችልም። በሥነ ሥርዓቱ ላይ በአክብሮት ዝም ብሎ መቆምን መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ በቃል እንዲምል ወይም ፎቶግራፉን በሰንደቁ አስጊጦ እንዲለጥፍ ማስገደድ ሌላ ነው።

5.2. የሠራተኛው ድምፅ። በጠረጴዛ፣ በስልክ ሽፋን፣ በአንገት ማተብ አጠገብ ወይም በእጅ አንጓ ላይ ያለ ትንሽ ምልክት የግለሰብ ድምፅ ነው። በመርሕ ደረጃ ሊቻል የሚገባው ይህ ነው። ለምሳሌ ያህል በአንድ የባንክ መስኮት የምታገለግል ሠራተኛ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ አምባር አድርጋ ደንበኛ ቅሬታ ቢያቀርብ፣ ኃላፊው ሊጠይቅ የሚገባው «ደንበኛው ተቆጥቷል ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ደንበኛው የሚገባውን አገልግሎት ተነፍጓል ወይ?» ብሎ ነው። ቁጣ ብቻውን ወሰን ሊሆን አይችልም፤ አለዚያ በጣም የሚቆጣው ሰው የሁሉንም ልብስ ይወስናል። ይኸው ፍርድ በዚያው መስኮት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ አምባር ላደረገው ባልደረባዋም ሳይሸራረፍ ይሠራል። የኃላፊው ፍትሐዊነት የሚመዘነው እሱ ራሱ በማይወደው ቀለም ላይ በሚሰጠው ፍርድ ነው።

5.3. የሥልጣን ድምፅ። አንድ ምልክት ከሠራተኛ ጠረጴዛ ወደ ኃላፊ ጠረጴዛ ሲዛወር ትርጉሙ ይለወጣል። ቅጥርን፣ ዕድገትንና የደመወዝ ጭማሪን የሚወስን ሰው በጀርባው የሰቀለው የፖለቲካ ወገን ምልክት፣ አንድም ቃል ሳይናገር፣ ለሚገባው ሠራተኛ የፈተና ጥያቄ ይሆንበታል። ከዚህ የከፋው የቡድን መሪው በሥራው የቴሌግራም ቡድን አንድ ምልክት አሰራጭቶ ማን እንደተቀበለና ማን ዝም እንዳለ የሚመዘግብበት ሁኔታ ነው። እዚህ ላይ ምልክቱ የሐሳብ መግለጫ መሆኑ ቀርቶ የመለያ ወንፊት ሆኗል። ስለዚህ ሥልጣን በጨመረ መጠን ምልክትን የማሳየት ነፃነት መጥበብ አለበት የሚለው መርሕ ተገቢ ይመስላል።

5.4. የዝምታ መብት። የመቻቻል ውይይት ዘወትር በሚታየው ምልክት ላይ ያተኩራል፤ ምንም ምልክት የሌለው ጠረጴዛ ይረሳል። ብዙ ሠራተኞች፣ በተለይም ከቅይጥ ቤተሰብ የተወለዱ፣ የትኛውንም ቀለም ሳያነሡ ሥራቸውን ብቻ መሥራት ይፈልጋሉ። ዝምታቸው እንደ ክህደት ከተነበበ ምልክት መያዝ በተግባር ግዴታ ሆነ ማለት ነው። ማንም የማይገደድበት ቦታ ብቻ ነው ሰንደቅ ዓላማ የፍቅር መግለጫ ሊሆን የሚችለው።

5.5. ወሰኑ። ከላይ ከተባለው ሦስት የእምቢታ መለኪያዎች ይወጣሉ። አንደኛው ማነጣጠር ነው። አንድ ዓይነት ባንዲራ በራስ ጠረጴዛ ላይ ሲቆም የራስ ነው፤ ወንድሙን በግጭት ያጣ ባልደረባ ከሐዘን በተመለሰበት ጠዋት በመቀመጫው ላይ ተጋርዶ ሲገኝ ግን ጥቃት ነው። ጨርቁ ያው ነው፤ የተሰቀለበት ሰዓትና የዞረበት አቅጣጫ ትርጉሙን ለውጠውታል። ሁለተኛው ማስገደድ ነው፤ በሥልጣን ወይም በመንጋ ጫና ሌላውን ማስያዝ ወይም ማስጣል። ሦስተኛው የሌላውን ምልክት ማዋረድ ነው፤ የራስን መስቀል መብት ሲሆን የሌላውን መቅደድ መብት አይደለም።

6. ንጽጽር

ከባድ የማኅበረሰብ ግጭት ያለፈባት ሰሜን አየርላንድ ለዚህ ርእስ ጥሩ ማነጻጸሪያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የፍትሐዊ ቅጥር ሕግና እሱን ተከትሎ የወጣው የአሠራር መመሪያ፣ አሠሪዎች በጎና ስምሙ የሥራ አካባቢ እንዲፈጥሩ፣ በሠራተኞች መካከል ቅሬታ የሚያስነሡ ባንዲራዎችና ምልክቶችም በሥራ ቦታ እንዳይታዩ ያበረታታል። በአንጻሩ የቤልፋስት ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 የብሪታንያን ባንዲራ በየቀኑ ከማውለብለብ ይልቅ በተወሰኑ ቀናት ብቻ ለመስቀል ሲወስን ለሳምንታት የዘለቀ ብጥብጥ ተነሥቷል። ምልክትን መቀነስም እንደ መጨመር ሁሉ ወገንተኝነት ሆኖ ሊነበብ እንደሚችል ይህ ያሳያል።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1943 በባርኔት ጉዳይ፣ በዓለም ጦርነት መካከል ሳለ፣ ተማሪዎች ለባንዲራ ሰላምታ እንዲሰጡ ማስገደድ እንደማይቻል ወስኗል። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2013 በኤዌይዳ ጉዳይ፣ አንዲት የብሪቲሽ ኤርዌይስ ሠራተኛ ትንሽ መስቀል በግልጽ እንዳታደርግ በመከልከሏ መብቷ እንደተጣሰ ፈርዷል፤ የአየር መንገዱ ገጽታን የመጠበቅ ፍላጎት ሕጋዊ ቢሆንም ከሚገባው በላይ ክብደት ተሰጥቶታል ብሏል። ሁለቱ ፍርዶች ከላይ የተጠቀሱትን የዝምታ መብትና የትንሽ ምልክት መብት ይደግፋሉ።

«ሁሉንም ከልክሎ መገላገል አይሻልም ወይ?» የሚለው ተቃውሞ ከዚህ ላይ ሊነሣ ይችላል። ጠቅላላ እገዳ አንዳንድ ጊዜ፣ በተለይ በአካባቢው ደም በፈሰሰበት ሰሞን፣ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ሆኖም እገዳው ገለልተኛ የሚሆነው አስቀድሞ በጽሑፍ ከተነገረ፣ ለሁሉም ቀለም እኩል ከሠራ፣ አለቃውን ራሱን ካሰረና አስፈላጊነቱ ሲያበቃ የሚያበቃ ከሆነ ነው። አንድ ወገን ቅሬታ ባቀረበ ማግስት በዚያ ወገን ባላንጣ ላይ ብቻ የሚወጣ እገዳ፣ ስሙ ጠቅላላ ቢሆንም፣ ውጤቱ አድልዎ ነው።

7. ማጠቃለያና የመፍትሔ ሐሳብ

የሰንደቅ ዓላማ ጥያቄ በአገር ደረጃ ገና መግባባት ላይ አልደረሰም። በኦሎምፒያ ያለ አንድ ቢሮ ይህን መግባባት እስኪመጣ ሊጠብቅ አይችልም፤ ነገ ጠዋት በሩን መክፈት አለበት። ስለሆነም የግል አሠሪዎች በሥራ ደንባቸው ውስጥ ቢያንስ አራት ነገሮችን በግልጽ ቢያሰፍሩ ይጠቅማል። እነርሱም፦ በድርጅቱ ስም የሚሰቀለው በሕግ የታወቀው ሰንደቅ ዓላማ ብቻ መሆኑ፤ የሠራተኛው የግል ምልክት መጠኑና ቦታው ለሁሉም አንድ መሆኑ፤ በሠራተኛ ላይ የመወሰን ሥልጣን ያላቸው ኃላፊዎች ከወገን ምልክት የሚቆጠቡ መሆናቸው፤ እንዲሁም ማንም ምልክት ባለመያዙ እንደማይጠየቅ ናቸው። ደንቡ ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር ተመክሮበት ከግጭት በፊት መውጣቱ ይመረጣል። በግጭት መካከል የሚወጣ ደንብ የአንዱ ወገን መሣሪያ ሆኖ መታየቱ አይቀርምና።

ወደፊት ጥናት የሚፈልጉ ሁለት ጉዳዮች አሉ። አንደኛው የሥራ ክርክር ችሎቶች ምልክትን በተመለከቱ የስንብት ጉዳዮች የሚከተሉት አተረጓጎም ነው። ሁለተኛው በተለያዩ ዘርፎች፣ በተለይም ከደንበኛ ጋር ፊት ለፊት በሚገናኙት፣ ሠራተኞች ምልክታቸውን መቼ እንደሚያወጡና መቼ እንደሚሰውሩ ነው። ሁለቱም በመስክ መረጃ ቢደገፉ፣ ቢሮው ውስጥ ማን ማንን እየቻለ እንደሆነ፣ ሸክሙም በእኩል ተከፍሎ እንደሆነ ለመለካት ያስችላሉ።